ቁርቁራ ሜዳ የተለካችበት ቀትር

እኛ ቁርቁራ ሜዳዎች ቅዳሜ ከተሜ ነን፤ በሌላው ቀን ገጠሬ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በየቀኑ ልክ በቀትር እጃችን ላይ ያለው አምባር ንዝር ይልና ቀለሙን ያወጣል። ሰማያዊ ከሆነ ከተማ ነሽ፣ አረንጓዴ ከሆነ ገጠር ነሽ፤ እስከ ነገ ቀትር በዚያው ትኖሪያለሽ። አገሩ ሁሉ የሚተዳደረው በዚህ ነው። ክልል ከክልል፣ ዞን ከዞን፣ ወረዳ ከወረዳ የሚወዳደረውም በዚህ ነው። የትልልቆቹ ከተሞች ሰው አምባሩ ሌላ ቀለም እንዳለው እንኳ ረስቷል። በየሳምንቱ የምንገለባበጠው እኛ ነን።

ሕጉ ቀላል ነው። ሰው ከሰው መቶ ክንድ ካልራቀ መለኪያው አንድ ላይ ይከበዋል። ክበቡ ውስጥ ሁለት ሺህ ነፍስ ከሞላ ከተማ ነው፤ ከጎደለ ገጠር ነው። ቤት አይቆጥርም፣ አስፋልት አይቆጥርም፣ ታፔላ አያነብም። እኛ ደግሞ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ምናምን ነን። ቅዳሜ ገበያተኛው ከየጎጡ ሲወርድ እንሞላለን፤ ማታ ወደየቤቱ ስለሚገባ በማግስቱ እንጎድላለን።

አኗኗራችንን ብታዩ ትስቃላችሁ። ቅዳሜ ቀትር ላይ አህያ ከአስፋልት ይወርዳል፣ ዶሮ በር ይዘጋባታል፣ ቧንቧው ያለ ልመና ውሃ ይሰጣል፤ የቀበሌው መስኮትም «ክቡር ደንበኛችን» እያለ ያነጋግረናል። እሁድ ቀትር ሲሆን ቧንቧው ጭጭ፣ መብራቱ ፍዝዝ፣ መስኮቱ ደግሞ «ውድ አርሶ አደር» ማለት ይጀምራል። ፀጉር ቆራጩ ሳልሃዲን ሞፈር በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ግን ስለ ዘር ወቅት ምክር ይደርሰዋል። ልጆቻችን ሁለት ዓይነት መጽሐፍ አላቸው፣ የገጠርና የከተማ። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ የከተማው መጽሐፍ እስካሁን አዲስ ነው።

ይህን ሁሉ ለምደነው ነበር። ሰው የማይለምደው ምን አለ? ያልለመድነው ማዋለጃውን ነው።

ማዋለጃው ከቁርቁራ ሜዳ በታች፣ ደረቆ ወንዝ አፋፍ ላይ ተሠርቶ ቆሟል። ከላይ ቦታ ስለጠፋ ነው እዚያ ያወረዱት። የሌለው ነገር የለም፤ ቀዶ ሕክምናው፣ ደሙ፣ ያለጊዜው የተወለደ የሚታቀፍበት ሳጥን ሳይቀር አለው። በሩ ግን የሚከፈተው በከተማ ቀን ነው። በገጠር ቀን ፊቱ ስትቆሚ፣ ወላሂ ድምፁ ማር ነው፣ «ውድ አርሶ አደር፣ በአቅራቢያዎ ወዳለው ከተማ ይሂዱ፤ መልካም መንገድ» ይልሻል። በአቅራቢያችን ያለው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ነፍሰ ጡሮች፣ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ ልመናቸው አንድ ነው፦ «ምጤን ቅዳሜ አድርግልኝ።»

አምና የሳልሃዲን እህት ዓርብ አማጠች። በረንዳው ላይ አስተኝተናት መኪና ሲጠበቅ እዚያው አረፈች። የውስጡ መብራት በመስታወቱ አልፎ ፊቷ ላይ ይበራ ነበር። በሩ ሦስት ጊዜ መልካም መንገድ ተመኘላት።

ነጂማ እባላለሁ። የቁርቁራ ሜዳ ሊቀመንበር ነኝ። አፈኛ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። በአፌ ነው ሰፈሩን ይዤ የኖርኩት። ባሌ ከሞተ ሰንብቷል፤ ያለችኝ አንድ ልጅ ሪሃና ናት። ባሏ መርከበኛ ነው፣ ዓመቱን ባሕር ላይ ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያዋን ስታረግዝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ከዚያ የሰፈራችን አዋላጅ ሆዷን ደባብሳ፣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ እኔን ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ልጁ ተጋድሟል» አለችኝ። «ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የተኛው። በቀዶ ካልሆነ አትገላገልም።»

«ቅዳሜ ቢደርስልንስ?»

«እትዬ ነጂማ፣ ምጥ ገበያ ነው እንዴ ቀን የሚጠብቀው?»

ታዲያ አንድ ተስፋ ነበረን። በየአሥር ዓመቱ ታላቁ ልኬት የሚባል አለ። በዚያ ቀን ቀትር ላይ ለቦታው የወጣው ቀለም አሥር ዓመት ሙሉ አይነቃነቅም፣ አምባርሽም ከዚያ ወዲያ የቤትሽን ቦታ ቀለም ይይዛል፤ ከተማ ያለው ከተማ፣ ገጠር ያለው ገጠር ሆኖ ይቀራል። የዘንድሮው ረቡዕ ዋለ፤ ሪሃና ልትወልድ አንድ ወር ሲቀራት። ረቡዕ ደግሞ ገበያ የለም። ስለዚህ ገበያውን እኔ አመጣዋለሁ አልኩ።

በየከተማው ለተበተነው የቁርቁራ ሜዳ ልጅ ሁሉ ላክሁበት። «ለሰርግ ቀርታችሁ ታውቃላችሁ፣ ለበዓል ቀርታችሁ ታውቃላችሁ፤ ለዚህ የቀረ ግን አገሩን እንደካደ እቆጥረዋለሁ» አልኩ። መጡልኝ! ጎማ ያለው ሻንጣ እየጎተቱ፣ ዶሮ ሲያዩ የሚጮሁ ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። መኝታ ጠበበ፤ በአንድ ምንጣፍ ላይ አምስት አምስት ሆነው አደሩ። ከመለኪያ ቢሮ የተላከውም ልጅ ከዋዜማው ደረሰ። ያብስራ ይባላል፤ ስሙ የድሮ ሰው ስም ነው፣ እሱ ግን ጢሙ ገና ያልጠና፣ ጨዋና ቅን ልጅ። ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሰሌዳውን አሳየኝ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ።

«በቂ ነው፣ እትዬ ነጂማ» አለኝ። «ብቻ እስከ ቀትር ማንም ከሰፈር እንዳይወጣ።»

«ማን አባቱ ይወጣል!» አልኩት። ያን ጊዜ ልቤ ሞልቶ ነበር። ሪሃናን አየኋት፤ ወገቧን ይዛ ከእንግዶቹ ልጆች ጋር ትስቃለች። ልጄ ተረፈች አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ጥሪው መጣ።

እኛ ወሎ ውስጥ ቅሬ አለን፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የኛ ቅሬ እስላምና ክርስቲያን አይለይም፤ እስላሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ክርስቲያኑ ሲሞት እስላሙ ይሸከማል። ሰው ሲያርፍ የቅሬው ለፋፊ አፋፍ ላይ ወጥቶ ይጣራል። አምባር ላይ ቢላክ ሞተ አይባልም፤ በሰው አፍ ካልተጠራ ሬሳው እንደተናቀ ነው። ለፋፊው ከወንዝ ማዶ ቆሞ ድምፁን ለቀቀው፦

«የቅሬ ሰው! ስማ! አባ ሙዓዝ አርፈዋል! ጀናዛው በቀትር ይወጣል! ስማ!»

ግቢው ውስጥ የነበረው ሳቅ ሁሉ ቀጥ አለ።

አባ ሙዓዝ ከወንዝ ማዶ፣ ሦስት ቤት ብቻ ያለባት ማዶ ጎጥ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ማሽላቸውን ዘርተው፣ ከሚስታቸው ከእማ ፈቲያና ከልጆቻቸው ጋር ጸጥ ብለው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ጉልበት በነበራቸው ዘመን በዚህ አካባቢ ለሞተ ሰው ሁሉ ጉድጓድ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ሲሆን ቆፍረዋል፣ አለት ሲሆን ቆፍረዋል። የባሌንም የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። አፈሩን ጨርሰው ሲወጡ፣ ላባቸውን ሳይጠርጉ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ጥሩ ቦታ ነው የተኛው» ብለውኛል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ ኪሩቤል የሮጥኩት። ጋሽ ኪሩቤል ወፍጮ ቤት አለው፤ ክርስቲያን ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። ስደርስ ወፍጮውን አጥፍቶ ጋቢውን እያጣፋ ነበር።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ ቀብሩን ከቀትር በኋላ አድርጉልኝ» አልኩት። «ትንሽ ብቻ፣ ልኬቱ እስኪያልፍ።»

«ነጂማ፣ ጀናዛ በቀጠሮ አይቆምም። ይህን እኔ ክርስቲያኑ ልንገርሽ?»

«እሺ፣ ግማሹ ይሂድ፣ ግማሹ ይቅር።»

«የትኛው ግማሽ? አባ ሙዓዝ ያልቆፈሩለት ቤት ካለ እሱ ይቅር። ጥሪልኝ፣ ማነው?»

ያን ጊዜ ጮህኩ። ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩ። «ልጄንስ? ልጄን ተባብረን ገደልናት በሉኛ! ለሞተ ሰው ብላችሁ ያለውን ልትቀብሩት ነው!»

ጋሽ ኪሩቤል ሪሃናን ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ ወፍጮው ሥር ነው ዱቄት ፊቷን ተቀብታ ስትጫወት ያደገችው። «ጥሪያት» አለ። «እሷ ትፍረድ። ‹ቅሩ› ካለች እኔ ራሴ ወንዙ ዳር ቆሜ ሰዉን እመልሳለሁ። ከቅሬ ቢሰርዙኝም እሰረዛለሁ።»

ሪሃና መጣች። አልጠራናትም፤ ጩኸቴን ሰምታ ነው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ነገሩን በሙሉ ነገርኳት፤ ለእኔ እንድትፈርድልኝ አድርጌ ነው የነገርኳት፣ አልዋሽም።

«እማ» አለችኝ፣ «ማዶ ስንት ሰው ነው ያለው?»

«እማ ፈቲያና ልጆቿ። ቢበዙ ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ሰው ቆፍሮ፣ ገንዞ፣ ተሸክሞ፣ ደግሞ አልቅሶ ይችላል?»

«ሪሃና፣ ስለ አንቺ ነው የማወራው!»

«እኔም ስለ እኔ ነው» አለች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «እማ፣ እኔ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ዛሬ ቁጭ በሉ ያልሻቸው ናቸው?»

አገር የሚያውቀው አፌ ተሳሰረ። ጋሽ ኪሩቤል አካፋውን ከግድግዳው ላይ አነሳና ቁልቁል ወረደ። ሰዉም ተከተለው።

የቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰፈሬ ሲፈስ አየሁ። ሱቅ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከየከተማው የጠራኋቸውም ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ ምን ገዷቸው? በእነሱ አገር ሰው ሲሞት የቀብር ድርጅት ነው የሚወስደው፤ ዘመድ ከቤቱ ሆኖ በስክሪን ይሰናበታል። እነሱ ግን የሻንጣቸውን ዚፕ ከፍተው ነጠላ ፈለጉ። ያጣው ከጎረቤት ተዋሰ። ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ አንድ ጎረምሳ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አያያዙን እንኳ ሳያውቅበት፣ ሲሮጥ አየሁት።

«እትዬ ነጂማ፣ ቁጥሩ እየወረደ ነው» አለኝ ያብስራ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንድ ሺህ ሦስት መቶ... ዘጠኝ መቶ...»

«አየዋለሁ ልጄ።»

«አንድ ነገር በሉ እንጂ! እርስዎን ይሰማሉ!»

«ያልኩትን ብያለሁ። ተረታሁ» አልኩት፤ ነጠላዬንም ዘቅዝቄ ለበስኩና ቢሮውን ቆልፌ ወረድኩ።

በእኛ ዘንድ ነፍሰ ጡር ሴት መቃብር አፋፍ አትደርስም። ስለዚህ ሪሃናና ሌሎቹ እርጉዞች፣ ወንዝ መሻገር ካቃታቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ጋር፣ ማዋለጃው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ማዶ ያለው ዳገት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እነሱን ለብቻቸው መተው ነውር ስለሆነ ዘመድ አዝማዱ አጠገባቸው ተኮለኮለ። ከበረንዳው እስከ ወንዙ ውሃ የሚያመላልሱ ሴቶች ነበሩ። ውሃው ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገብቶ፣ የድንኳኑን ምሰሶና ሸራ የሚቀባበል ጎረምሳ ነበር። ከወንዙ እስከ መቃብሩ ደግሞ ለቀስተኛው ነው። ያልጠበቅሁት ግን ከላይ ነው የመጣው። ከየጎጡ፣ ከየተራራው ጀርባ፣ ጥሪው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የሰማ ገበሬ ሁሉ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወርዳል። የእኛን ልኬት የሰማ የለም፤ የአባ ሙዓዝን ሞት ነው የሰማው።

ዳገቱን ስወጣ እማ ፈቲያን አየኋት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰዉን ታያለች፣ ታያለች፣ ማመን አቅቷታል። «ነጂማ፣ ይህ ሁሉ ለሙዓዝ ነው?» አለችኝ። አንገቷ ሥር ተወሽቄ አለቀስኩ። እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። ለአባ ሙዓዝ ይሁን ለሪሃና፣ አልለየሁትም።

ጉድጓዱን ክርስቲያኖቹ ቆፈሩ። ሸሁ ሰግደውበት፣ ጀናዛው ወርዶ፣ አፈር መልበስ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ቀትር የሆነው። የሁላችንም አምባር በአንድ ጊዜ ንዝር አለ፤ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ እንደ ንብ መንጋ ተሰማ። ማንም ዝቅ ብሎ አላየም። አፈር ሳይሞላ ዓይን ከመቃብር አይነሳም። እኔም አላየሁም፤ ማየቱን ስለፈራሁት ነው።

አንዲት ከከተማ የመጣች ልጅ ብቻ ልማድ ሆኖባት እጇን አየች። «ሰማያዊ ነው» አለች። ድምጿ ሹክሹክታ ነበር፤ ሁሉም ሰማው። ጉርምርምታ ተነሳ።

«አፈሩን ጨርሱ!» አለ ጋሽ ኪሩቤል፣ ቀና ሳይል። ጉርምርምታው ተቆረጠ። አፈሩ ሞላ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ። ከዚያ በኋላ ነው እጄን ያነሳሁት። ሰማያዊ! እንደ ጳጉሜ ማግስት ሰማይ ሰማያዊ።

ከወንዙ ማዶ፣ ከበረንዳው፣ የልጄ ድምፅ መጣ። «እማ! በሩ ተከፈተ! እማዬ፣ በሩ በራሱ ተከፈተ!»

እልል ማለት አማረኝ፤ መቃብር ላይ ነውና አፌን በነጠላዬ አፈንኩት። አጠገቤ ሳልሃዲን ቆሟል። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። እህቱ ትዝ ብላው ነው። እኔም ትዝ አለችኝ።

ያብስራ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ እያለከለከ ደረሰ። ሰሌዳውን ዘረጋልን። ሦስት ሺህ አራት መቶ ነፍስ። መለኪያው ሰው ባለበት ነው የከበበው፤ ክበቡ ከማዋለጃው በረንዳ ይነሳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ መቃብሩን ዞሮ ከአባ ሙዓዝ ማሽላ ጀርባ ይዘጋል። ከማዋለጃው በላይ ያለው ሁሉ ውጭ ቀርቷል። ገበያው፣ አስፋልቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወፍጮው፣ ቢሮዬ፣ ቤቴ። አስፋልታችን ገጠር ሆነ፤ ማሽላው ከተማ።

«እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» አለ ያብስራ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ማስተካከያ ይፈቀድልኛል። ቁጥሩ ስለሞላ ክበቡን ትንሽ ወደ ላይ ላነሳው እችላለሁ። ማዋለጃው አይነካም። ገበያው ይገባል፣ ቤትዎ ይገባል። ከክበቡ ውጭ የሚኖር ደግሞ ከንቲባ አይሆንም፤ እርስዎ ይገባዎታል። የሚወጣው ከወንዝ ማዶ ያለው ብቻ ነው። ሦስት ቤት።»

«ካልተነሳስ?»

«ወንዙ ከተማ ውስጥ ነው ማለት ነው። በሕጉ ድልድይ ይሠራለታል። ማዶም ውሃና መብራት ይገባል። የእናንተ ግን ቅዳሜም ቢሆን አሥር ዓመት ገጠር ነው።»

የእኔ ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ ጮክ ብዬ ለሰዉ ነገርኩት። ክረምት ሲገባ ደረቆ እንዴት እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማዶዎቹን ወር ሙሉ ከሩቅ በዓይን ብቻ ነው የምናያቸው። እማ ፈቲያ ከድንጋዩ ሳትነሳ፣ «ተዉት ልጆቼ» አለች፣ «እኛ ለምደነዋል። ሰፈራችሁን አትጡ።»

«እማ ፈቲያ፣ አንቺ ዛሬ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ዝም በይ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አፌ ተመልሶልኝ ነበር። «ስሙኝ። እኔ ዛሬ ጠዋት ቁጭ በሉ ብያችኋለሁ። ብትሰሙኝ ኖሮ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሰው፣ ጎረቤቱን ያልቀበረ ከተማ እንሆን ነበር። አልሰማችሁኝም፤ ኮራሁባችሁ! አሁን ደግሞ ልንቀብር ስለሄድን ከተማ ሆነን፣ የቀበርነውን ሰው ቤት አውጥተን እንጣል? የኔ ቤት ውጭ ነው። ውጭ ይሁን። ማነው የሚቃወም?»

ሳልሃዲን ፊቱን ጠረገ። «በሩ ተከፍቷል አይደል?» አለ። «አሥር ዓመት አይዘጋም አይደል? በቃ። ውሃ ቢያምረኝ ወደ ከተማ ወርጄ እቀዳለሁ፤ ቁልቁለት ነው።»

ጋሽ ኪሩቤል ሳቀ። ቀብር ላይ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እማ ፈቲያም በእንባዋ መሀል ሳቀች፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሄደ፣ ንፍሮው ደርሷል ተባለ።

ያብስራ ሰሌዳውን እንደያዘ ቆሟል። «እንዳለ ላጽድቀው?»

«ሰው በነበረበት ለክተህ የለ? እንዳለ አጽድቀው።»

ስለዚህ አሁን የአገሪቱን ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው በወረዳችን ተራ አንድ ጉድ ያያል። ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰው የተለካባት፣ ዘጠኝ ቋሚ ነዋሪ ያላት፣ አንድ ማዋለጃ፣ አንድ መቃብርና አንድ የማሽላ ማሳ ያላት ከተማ። ከመለኪያ ቢሮ ሰዎች መጥተው ስህተት መሆኑን ሊያረጋግጡ ሞከሩ፤ ሕጉን ሦስቴ አንብበው ተመለሱ። ድልድዩ ተጀምሯል። ከንቲባው የእማ ፈቲያ የበኩር ልጅ ነው፤ ወፍ እየጠበቀ ይፈርማል፣ ወንጭፉን አስቀምጦ ማኅተሙን ያነሳል። እኔን አንዳንዴ ምክር ይጠይቀኛል። እሰጠዋለሁ፤ ባይጠይቀኝም እሰጠዋለሁ።

ሪሃናን በወሩ ሰኞ ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። ሰኞ! በሩ ማንነቷን አልጠየቃት፣ ቀኑን አልጠየቃት። ሐኪሞቹ ተቀበሏት፤ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የልጅ ልጄ ድምፅ እስከ ወንዙ ተሰማ። እልልታው ከላይ ከገጠሩ ተነስቶ ወደ ከተማው ወረደ።

በማግስቱ ገንፎውን አገነፋሁ። ቅቤውን መሀሉ ላይ አፍስሼ፣ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አህያ በሚነዳበት አስፋልት ቁልቁል ወረድኩ። ቤቴ ከክበቡ ውጭ ነውና አምባሬ አረንጓዴ ነው። ማዋለጃው ስገባ ሪሃና ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ተኝታለች። የልጄ ፊት ገርጥቷል፣ ዓይኗ ግን ያው የተንኮል ዓይኗ ነው። እጄን አየች፣ አረንጓዴውን አየች።

«እንዴ፣ ከገጠር ዘመድ መጣልን!» አለች።

«የገጠር ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም» አልኳትና ድስቱን ከፈትኩት።